ሁለት ትርፍ በሮች

ሉጎ ላይ፣ ሰማዩ ለወር በማያባራበት፣
ሮማውያን የካቡት ክብ ቅጥር አለ፣ ዛሬም ሰው ላዩ ላይ የሚሄድበት።
በባዮኬሚስትሪ ወድቄ ለጥር የተቀጠርኩ ለት
ደብተሬን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁበት።

ዑደቱ ስምንት አሲድ አለው፣
ቅጥሩ አሥር በር፤
ለየበሩ ስም አወጣሁ፣ እየረገጥኩ ላስታውሰው፣
ወንበር ላይ ቁጭ ብዬማ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ሚኛ በር ኦክሳሎአሲቴት፤ ደጅ ጠባቂው፤
ከስብ የመጣውን እንግዳ፣ አሴቲልን፣ እጁን ይዞ አስገቢው።
ቀጥሎ ሲትሬት። "አዲሱ በር" ላይ አይሶሲትሬት፤
አዲስ አይደለም፤ ኮፍያውን አዙሮ የደፋ ያው ሲትሬት።
ሳን ፈርናንዶ ላይ ኪቶግሉታሬት፣
አንድ ካርቦን ተንፍሶ የቀለለ፤
"ሐሰተኛው በር" ሰክሲኒል፤ ባቡር ጣቢያው ጋ ሰክሲኔት፤
ፉማሬት፤ ማሌት፤ እዚያ ላይ እግሬ ዛለ።

ሚኛ ሳልመለስ ሁለት በር ተረፈኝ።
"ትርፍ" አልኳቸው። አብራኝ የምትኖረው ኢሪያ ሳቀችብኝ፤
"ኡሺያ፣ ሮማውያን ሁለት ያበዙት አንቺን ሊጥሉ ነው" አለችኝ።

በአራተኛው ዙር ጫማዬ ውኃ አስገባ፤
በሰባተኛው ስሞቹን እንደ ዳዊት ደገምኩ፣ ምሥጢሩ ሳይገባ።

ቅዳሜ ዶክተር ሬቦሬዶ ቴራ ቻ ወሰደን፣ ወደ ኤርሚታስ በረት።
ሰማንያ ዓመቷ፤ ላሞቿ ዐሥራ አንድ፤ ቦቲዋ የሟች ባሏ፣ ሁለት ቁጥር የሚሰፋት።
ቴይሻ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ፤ እንገሩ አልቆ ወተቱ ጎርፍ፤
እሷ ግን ጎኗ ገብቶ፣ ከግርግሟ ዞራ
ብረት ትልሳለች፤ ዓይኗ ላይ እንደ እንቅልፍ።

"ጠጋ ብለሽ አሽቻት" አለችኝ። አፍንጫዬን ሰደድኩ፤
ሣር። ድርቆሽ። እርጥብ ቆዳ።
ሌላ ምንም አጣሁና አፈርኩ።
"የበሰበሰ ፖም ነው እንጂ!" አለች፤ "እኔ ገና ከደጅ ይሸተኛል፤
ያ ደብተራችሁ ታዲያ ምን ያስተምራል?"
ኢሪያም ሸተታት። ሬቦሬዶ ጆሮዬ ሥር ዝቅ አለና፣
"እኔም ሠላሳ ዓመት አልሸተተኝ" አለ፣
"አፍንጫም ዕጣ ነው፤ ለእኔና ላንቺ አልታደለ።"

ስለዚህ በወረቀት አሸተትኩ፤
ከወተቷ አንድ ጠብታ፣ ከቁራጯ ጫፍ፤
ደቂቃ ቆጠርኩ፤
ወረቀቷ ወይን ጠጅ መሰለች፣ እንደ በለዘ ከንፈር ጠርዝ፣ እንደ ብርድ አፍ።

ያን ጊዜ ቅጥሩ ከነዝናቡ በረቱ ውስጥ ቆመ።
ወተት ስኳር ይሻል። ያን ስኳር ጉበት ይሠራዋል፣
ሣር ብቻውን አልሆነለትም፤
ደጅ ጠባቂውን ከሚኛ ጠርቶ
በትርፉ በር አሾልኮ ወሰደ።
ሞራዋ ቀለጠ። አሴቲል በመንጋ ነጎደ፤
ሚኛ ደረሰ፤ አንኳኳ፤
የሚያስገባ የለም ለካ።
ደጅ ያደረው ሁሉ ብርድ ሲገርፈው ተቃቀፈ፣
ሁለት ሁለት እየሆነ፣ ኬቶን ሆኖ በደም አለፈ፤
በትንፋሽ ወጣ፤ ለኤርሚታስ ፖም፣
ለእኔ ምንም።

"ሞኝ ናት" አለች ኤርሚታስ ቀንዷን ይዛ፣ "ስትሰጥ ልክ አታውቅም።"
ጠርሙሱን በአፏ ጥግ አስገባሁ፤ ጣፋጭ፣ ወፍራም፤
ግማሹ በሁለተኛው ትርፍ በር ገባ፣
ግማሹ በእጅጌዬ ወርዶ ብብቴ ተጣባ።

በጥር ክብ አልሳልኩም፤ ቅጥር ሳልኩ፣ ከነበሮቹ።
አራሚው በቀይ፣ "እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው?" ብሎ ጻፈ ከጎናቸው፤
አምስት ነጥብ ሁለት ሰጠኝ።
ማለፊያው አምስት ነው።

አሁንም በሚኛ ሳልፍ ቆም ብዬ አሸታለሁ፤
እርጥብ ድንጋይ፤
የመኪና ጭስ፤
ኤርሚታስ ብትኖር ምን ይሸታት ነበር እላለሁ።